ቢጫ ካርድ እና የምርጫ ካርድ

[ምስል፦ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቢጫ መታወቂያ እና የኢትዮጵያ ፓስፖርት]

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ሁለት መንገደኞች ተከታትለው ቆመዋል እንበል። ከዋሽንግተን የመጣው ሰው የአሜሪካ ፓስፖርትና በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይዟል። ከኋላው ያለችው ሴት ደግሞ በሪያድ የቤት ሠራተኛ ስትሆን የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ከሁለቱ ዜጋ ማን ነው ቢባል፣ ሕጉ የሚጠቁመው እርሷን ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ እንደማይችል ይደነግጋል። ታዲያ የዋሽንግተኑ መንገደኛ ዜግነቱን እንዴት አጣ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በገዛ ፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ይህች «እንደተወ ይቆጠራል» የምትል ሐረግ ትልቅ ሸክም ተሸክማለች፤ ሰውየው ለኢትዮጵያ መንግሥት አንዲት ደብዳቤ ባይጽፍም፣ አሜሪካ ውስጥ እጁን አንስቶ የማለው መሐላ እንደ ስንብት ይነበብበታል። አቋሙ አዲስ አይደለም፤ የ1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግም ሌላ ዜግነት የያዘውን ኢትዮጵያዊ ከዝርዝሩ ያወጣው ነበር።

[ምስል፦ የቢጫ ካርዱ ሁለት ገጽታ]

በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት ይገዛል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብትም ይቆጠራል። ይሁን እንጂ በየትኛውም የመንግሥት እርከን መምረጥም ሆነ መመረጥ አይችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት ሊቀጠር አይፈቀድለትም። ለእኔ ከተፈቀደው ይልቅ የተከለከለው ብዙ ያስተምራል፤ መንግሥት ገበያውንና ቤቱን ከፍቶ ለዜጋ ብቻ ያስቀረው ሥልጣን የሚሰጥበትንና የሚጠበቅበትን ስፍራ ነውና።

ወደ ሪያዷ ሴት እንመለስ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሠራተኛ ዜግነት የመስጠት ልማድ ስለሌላቸው፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ብትሠራም ኢትዮጵያዊት ሆና ትቀራለች። ይሁንና የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጭ ለመሆን በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ስለሚጠይቅ፣ መብቱ እያላት መዝገቡ ላይ አትገኝም። የዋሽንግተኑን ሰው ከምርጫ ማግለል የሚያሳምን ምክንያት ሊቀርብለት ይችላል፤ የእርሷን መገለል ግን በምክንያት መደገፍ ይከብዳል፤ የሥራ ውሏን የሚነካው የሁለትዮሽ ስምምነት የሚፈረመው በአዲስ አበባ መንግሥት ነው።

ሰውየው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ መኖር ከጀመረና የውጭ ዜግነቱን ከተወ፣ አመልክቶ ዜግነቱን መልሶ ማግኘት ይችላል። እርሷ የምታመለክተው ነገር የላትም፤ የምርጫ ካርድ ለማውጣት የሚያስፈልጋት ቀበሌዋ ውስጥ ስድስት ወር መቀመጥ ብቻ ነው፤ አሠሪዎቿ የፈቀዱላት ዕረፍት ግን ሁለት ወር ነው።