የሎውንድስ ካውንቲ መሬትና ድምፅ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የዛሬው ጨዋታዬ በአሜሪካ ደቡብ፣ በአላባማ ግዛት፣ ሎውንድስ ስለምትባል አንዲት ካውንቲ ነው፤ ካውንቲ እኛ አውራጃ እንደምንለው ነው። ዓመታቱንም ወራቱንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ1965 ማርቲን ሉተር ኪንግ የመሩትን፣ ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ከሰልማ እስከ ሞንትጎመሪ የተደረገ ሰልፍ ያልሰማ የለም። ሰልፈኛው ከሰልማ ተነሣ፣ ሞንትጎመሪ ገባ እንላለን። በመካከሉ ያለውን ሰፊ አገር፣ ሀይዌይ 80 ሰንጥቆት የሚያልፈውን፣ ስሙን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ያ አገር ሎውንድስ ነው። በዘመኑ ሰዎች «ደማዊቷ ሎውንድስ» ይሏት ነበር።

አፈሯ ጥቁር ነው። ሲዘንብ እግር የሚይዝ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ፣ የእኛ ገበሬ ዋልካ የሚለው ዓይነት። ጥጥ የሚስማማው አፈር በመሆኑ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት በባርነት የተያዙ ሰዎች በብዛት ተግዘው የመጡት ወደዚህ ነው። ባርነት በ1865 ሲቀር መሬቱ ከነጮቹ ባለቤቶች እጅ አልወጣም። ነፃ የወጣው ሕዝብ በዚያው ማሳ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ዘሩን፣ በቅሎውን፣ ዱቄቱን በዱቤ ይወስዳል፤ መዝገቡን የሚይዘው ባለመሬቱ ነው። ጥጡ ተመዝኖ ዕዳው ሲቀነስ ለአራሹ የሚተርፈው ሌላ ዕዳ ይሆናል።

ይህን ለመረዳት ብዙ መጽሐፍ ማገላበጥ አላስፈለገኝም። አያቴ ጭሰኛ ነበሩ። የባለርስቱ በቅሎ ከሩቅ ብቅ ስትል ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርግ እንደነበር እናቴ አጫውታኛለች። የሎውንድስን ታሪክ ሳነብብ ዓይኔ ሁልጊዜ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቀና ብሎ የተናገረው ሰው የቆመው በማን መሬት ላይ ነበር?

ሃያኛው ምዕተ ዓመት ለሎውንድስ የገባው በክፉ ሕግ ነው። የ1901ዱ የአላባማ ሕገ መንግሥት የምርጫ ግብርና የማንበብ ፈተና ደንግጎ ጥቁሮችን ከመራጭነት አስወጣ። በ1906 ደግሞ ታላቁ ምሁር ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቢሮ ባዘዘው መሠረት ወደዚች ካውንቲ መጥቶ ከረዳቶቹ ጋር ቤት ለቤት እየዞረ አጠና። ማን ምን ያህል መሬት ያርሳል፣ ከማን ጋር ምን ተዋውሏል፣ ዕዳው ስንት ነው፤ አንድም አልቀረው። ቢሮው አላሳተመውም። ዱ ቦይስ ቆይቶ የእጅ ጽሑፉን ቢጠይቅ ተወግዷል ተባለ። በዚያ ወረቀት ላይ የስንቱ ገበሬ ቃል እንደሰፈረ ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይሁንና ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ በጎ ነገር ተተክሎ ነበር። በ1892 ሻርሎት ቶርንና ሜብል ዲሊንግሃም የተባሉ ሁለት የሰሜን ሴቶች፣ ታዋቂው ጥቁር አስተማሪ ቡከር ቲ ዋሽንግተን እየረዳቸው፣ ካልሁን በሚባለው ሰፈር ለጥቁሮች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከፊደሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የመሬቱ ሥራቸው ነው። ሰፋፊ እርሻ እየተገዛና እየተሸነሸነ፣ ጥቁር ገበሬዎች በየዓመቱ ከፍለው የራሳቸው እንዲያደርጉት ይሸጥላቸው ነበር። ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ጥቂት ቤተሰብ ነው የደረሰው። ቢሆንም በጭሰኞች ባሕር መካከል የይዞታ ወረቀት በሳጥኑ የቆለፈ ጥቁር ገበሬ ተገኘ።

መሬት የሌለው ቀና ሲል ምን እንደሚገጥመው ደግሞ በ1935 ታየ። የጥጥ ለቃሚዎች የእኩል አራሾች ማኅበር አባል ሆነው ለመቶ ፓውንድ ጥጥ አንድ ዶላር ይከፈለን ብለው ሥራ አቆሙ። ሸሪፉ፣ ማለትም የካውንቲዋ የፖሊስ አዛዥ፣ እና የታጠቁ ነጮች ወጡባቸው፤ ሰው ተገረፈ፣ ሰው ተገደለ፣ አድማው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ብዙው ሰው በእግሩ ነው የመረጠው። በ1900 ከ35,000 በላይ የነበረው የካውንቲዋ ሕዝብ በ1960 ወደ 15,000 ወረደ።

በ1965 መባቻ ከአምስቱ ነዋሪ አራቱ ጥቁር ነበር፤ በመራጭነት የተመዘገበ ጥቁር ግን አንድም አልነበረም። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር በበርሚንግሃም ሠርቶ ወደ ትውልድ ቀዬው የተመለሰው ጆን ሂዩሌት ጎረቤቶቹን አስተባብሮ የካውንቲዋ ዋና ከተማ ሄይንቪል ድረስ ሄደ። ብዙ ቀጠሮና ማንገላታት ተከተለ። በመጨረሻ መጀመሪያ የተመዘገቡት እርሱና አንድ ዓይነ ስውር ሰባኪ ናቸው።

የኪንግ ሰልፍ በዚያው ወር አለፈ። ሰልፉ ባበቃበት በመጋቢት 25 ሌሊት ቫዮላ ሊውዞ የተባለች ከዲትሮይት የመጣች የአምስት ልጆች እናት ሰልፈኞችን ለማመላለስ ስትነዳ፣ በሎውንድስ ውስጥ የነጮች የበላይነት አራማጁ የኩ ክለክስ ክላን ቡድን ሰዎች በመኪና ተከታትለው ተኩሰው ገደሏት። በነሐሴ 20 ደግሞ ጆናታን ዳንኤልስ የተባለ የነገረ መለኮት ተማሪ ከሄይንቪል እስር ቤት በተፈታበት ዕለት ሱቅ በር ላይ ጠመንጃ ሲደገን የ17 ዓመቷን ሩቢ ሴልስን ገፍቶ ጥይቱን በራሱ ተቀበለ። ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኞች ጉባኤ ገዳዩን በነፃ ለቀቀው።

ሰልፉ ሲያልፍ ወጣቱ የመብት ታጋይ ስቶክሊ ካርማይክልና የተማሪዎች ሰላማዊ አስተባባሪ ኮሚቴ በተባለው የመብት ድርጅት ያሉ ጓደኞቹ የነዋሪዎችን ስም ሲመዘግቡ ሰንብተው እዚያው ቀሩ። የት ያድራሉ? ጭሰኛ ቢያስጠጋቸው በማግስቱ ከቤቱ ይባረራል። ዋይት ሆል ላይ የራሱ መሬት የነበረው አንድ ጥቁር ገበሬ ግን ባዶ ቤት ሰጣቸው። የሚያባርረው ባለመሬት አልነበረበትማ! ካልሁን ላይ የተጀመረው የመሬት ሥራ ነገር የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

የተመዘገቡት ጭሰኞች በእርግጥም ተባረሩ። በታኅሣሥ 1965 በሀይዌይ 80 ዳር ድንኳን ተተከለላቸው። እናትና አባት ከነልጆቻቸው የብርዱን ወራት በሸራ ሥር አሳለፉ፤ ሌሊት ሌሊት በመኪና የሚያልፉ ሰዎች ይተኩሱባቸው ነበር። እዚያ ከሁለት ዓመት በላይ የኖሩ አሉ። መዝገቡ ላይ ያሰፈሩትን ስም ሰርዙልን ብለው አልተመለሱም።

ከዚያ የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። በአላባማ ማንበብ የማይችል መራጭ ስለበዛ እያንዳንዱ ፓርቲ በምርጫ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያስፈልገው ነበር። የግዛቱ የዴሞክራቶች ምልክት ነጭ አውራ ዶሮ ሲሆን «የነጮች የበላይነት» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ሎውንድሶች ጥቁር ግሥላ፣ በእንግሊዝኛው ብላክ ፓንተር፣ መረጡ። በካሊፎርኒያ ኦክላንድ የተመሠረተው የጥቁሮች ድርጅት፣ የብላክ ፓንተር ፓርቲ፣ ስምና ምልክት የመጣው ከዚህ የገጠር ካውንቲ ነው። አዘጋጆቹ የሸሪፍ ሥራ ምን እንደሆነ፣ ግብር ተማኝ ምን እንደሚሠራ በሥዕል የሚያስረዱ ቀጫጭን መጽሔቶች አሳትመው በየቤቱ አደሉ። ሸሪፍ ሲባል ዱላና ሽጉጥ ብቻ ለሚያውቅ ገበሬ፣ ያ ወንበር እርሱም ሊቀመጥበት የሚችል ሥራ መሆኑን በሥዕል ማሳየት ትልቅ ነገር ነው።

በኅዳር 1966 ሰባቱም ዕጩዎቻቸው ተሸነፉ። ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን በመኪና ጭነው አምጥተው የእነርሱን ዕጩ አስመርጠዋል። በ1970 ግን ጆን ሂዩሌት የሎውንድስ ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ፤ በሥልጣኑም ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ።

ሥልጣኑ ሲገኝ ግን ካዝናው ባዶ ነበር። ያው የ1901ዱ ሕገ መንግሥት ካውንቲዎች በራሳቸው ግብር የመጣል ሥልጣን እንዳይኖራቸው አስሮ ይዞ ነበር፤ በ1970ዎቹ የወጡ ማሻሻያዎች ደግሞ የእርሻና የደን መሬት ግብር ዝቅ እንዲል ጣሪያ አበጁለት። ስለዚህ ሰፊው መሬት ለትምህርት ቤትም ለመንገድም ለፍሳሽም የሚያዋጣው ጥቂት ነው። ዋልካው ደግሞ ውኃ አያሰርግም። ተራ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ አይሠራበትም፤ የሚሠራው በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛ ነው። ድሃው ቧንቧውን ከመጸዳጃ ቤቱ በቀጥታ ወደ ሜዳ ይለቅቃል። በምዕተ ዓመቱ መገባደጃ ግድም ግዛቲቱ መፍትሔ ብላ ያመጣችው ነዋሪዎቹን በወንጀል ከስሳ በእስር ማስፈራራት ነበር። በዚህ እናደዳለሁ። አያቶቻቸው በዚያ ጭቃ ጥጥ አምርተው ሌላውን አበለጸጉ፤ ልጆቻቸው ጭቃው ፍሳሽ አላሳልፍ ስላለ ተከሰሱ።

በዚያ አካባቢ የምትኖሩ ወይም የምታልፉ አድማጮች፣ ድንኳኖቹ በነበሩበት ቦታ በሀይዌይ 80 ላይ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሚያስተዳድረው የታሪክ ማዕከል አለ። አትለፉት፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ። ለዛሬ በዚሁ ላብቃ፤ ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።