በሰቃን ያየሁበት ቀን

እንደምን አመሻችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ።

ለቁልቢ ጉዞ በተሰናዳን ቁጥር ስለ ፍሬን፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ትርፍ መጫን ይነገራል። ዛሬም እሱን ተናገር ተብያለሁ። እናገራለሁ። ግን እዚህ የቆምኩት ስለ ዓይናችን ላወራ ነው።

መተሐራን የማያውቅ ሹፌር እዚህ የለም። ከተማው ሳትገቡ በሰቃ ሐይቅ ከአስፋልቱ ሥር ተኝቶ ይጠብቃችኋል። ውኃው ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱንም ሐዲዱንም ሲያስጨንቅ የኖረ ነው፤ መንገዱ ከፍ ተደርጎ የተሠራውም በሱ ምክንያት ነው። ከወዲያ ፈንታሌ ተራራ፣ ከሥሩ ደግሞ ከሰል የመሰለ ጥቁር ድንጋይ። ያምራል፣ አልክድም።

የዛሬ አሥር ዓመት ታኅሣሥ 17፣ ማለዳ ላይ፣ አውቶቡሱ በስለተኛ ሞልቶ እዚያ ደረስኩ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ውይ ልጄ፣ ውኃው አስፋልቱን ሊውጠው ነው!» አሉ። ረዳቴ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ጋሼ፣ እየው እየው!» አለኝ። አየሁ። ስንት ዓመት የተመላለስኩበትን ሐይቅ የዚያን ቀን ገና አየሁት፤ ወፎቹን ሳይቀር። በ80 ነበር የምሄደው። በ80 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይበላል። ሦስት ሰከንድ ብታዩ ከኳስ ሜዳ ግማሽ በላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ነዳችሁ ማለት ነው።

ፊቴን ስመልስ አንድ አባዱላ አስፋልቱ ላይ ቆሟል። ሰዎቹ ወርደው ፎቶ ይነሳሉ። ፍሬን ያዝኩ፣ ጎማው ጮኸ፣ የጎማው ሽታ ውስጥ ድረስ ገባ። ስንቆም በመሃላችን አንድ ክንድ አይሞላም። አባዱላው ውስጥ የቀረ አንድ ሕፃን በኋላ መስታወት ያየኛል፤ በአንድ እጁ ዳቦ ይዟል፣ ሌላው መዳፉ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። እግሬ ፍሪሲዮን ላይ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ «ገብርኤል አወጣን!» አሉ። አዎ አውጥቶናል። ያወጣን ግን ከእኔ ነው! ሐይቁ ምን አደረገ? ቦታው ላይ ነው ያለው። የሄድኩት እኔ ነኝ።

ረዳቶች፣ እናንተን ነው የምለው። ሹፌርን «እየው» አትበሉ! ግመል መንገድ ሲገባ ንገሩት፤ ስለ ሐይቅ፣ ስለ ሳላ፣ ስለ ቆንጆ ልጅ ግን ዝም በሉ። ተሳፋሪም ቢጠራው እናንተ መልሱለት።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የተገለበጠ መኪና ስናይ የምንሠራው ነው። ሲኖ ገደል አፋፍ ላይ ተጋድሟል፣ ሰው ይጮሃል፣ እኛ ጋቢና ውስጥ ሆነን በአንድ እጅ መሪ በአንድ እጅ ስልክ እንቀርጻለን። የወንድምህ ደም የሚቀረጽ ነገር ነው? መርዳት ከቻልክ ዳር ይዘህ፣ ትሪያንግል አውጥተህ፣ ወርደህ እርዳ። ካልቻልክ ፊት ፊትህን እያየህ እለፍ! እያዘገመ የሚያይ ሰው ከኋላው ላለው ሁለተኛ አደጋ እያዘጋጀ ነው። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አዋሽን እንዳለፍን፣ የወደቀውን አይተው ያልፋሉ የተባሉት ሰዎች ራሳቸው ከጎኑ ተኝተው ነበር።

ከአሰበ ተፈሪ ወዲያ ጫት ሻጮቹ እስከ አስፋልቱ ይወጣሉ፤ የሚገዛ ከመንገድ ወጥቶ ይቁም። እዚህ አዲስ አበባም ማታ ማታ ትልልቆቹ ስክሪኖች ዓይን ይስባሉ፤ ማስታወቂያውን እግረኛ ይየው።

ፍሬኑንና ጎማውን ሌሊት አብረን እናያለን። ትርፍ የጫነ ከመናኸሪያው አይወጣም፤ ይኸው ተናግሬአለሁ። 11 ሰዓት ላይ እንገናኝ።