ሰው ፊታችሁ ተዝለፍልፎ ቢወድቅ፦ ሲፒአር እንዴት ነው የሚሰራው?

[ስክሪን፦ የስታዲየም ጩኸት፣ ከዛ ድምፁ ይጠፋል]

ሰላም ቤተሰብ፣ ኳስ የምትወዱ ይሄን አትረሱትም። በፈረንጆቹ 2021 ጁን 12፣ ኮፐንሀገን፣ ዴንማርክ ከፊንላንድ፣ ፈርስት ሃፍ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ሜዳ ላይ ተደፋ። ሀኪሞቹ ሲደርሱ ይተነፍስ ነበር፣ የልብ ምቱም ነበረ፣ ግን ወዲያው ነገሩ ተለወጠና ልቡ ቆመ፣ እነሱም ደረቱን መጫን ጀመሩ (ሲፒአር የምንለው ይሄን ነው)፣ ከዛ በአንድ የኤሌክትሪክ ሾክ ተመለሰ። በ2022 የብሬንትፎርድን ማሊያ ለብሶ ፕሪሚየር ሊግ ላይ አየነው፣ በ2024 ዩሮ ላይ ደግሞ ስሎቬኒያ ላይ አገባ።

አዎ አውቃለሁ፣ እሱ ሜዳ ዳር ዶክተር ቆሞለት ነበር። እኛ ሰፈር ሰው ሲወድቅ ያለው ጎረቤትና አላፊ አግዳሚ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ከነሱ ጋር ነው።

[ስክሪን፦ የልብና የአንጎል አኒሜሽን]

መጀመሪያ ምን እየሆነ እንደሆነ እንግባባ። ልብ ድንገት ሲቆም ደም ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ የሚሆን ኦክስጅን አለ፣ ችግሩ የሚያንቀሳቅሰው የለም። አንጎል ደግሞ አይታገስም፣ ከ4 ደቂቃ ገደማ በኋላ መጎዳት ይጀምራል፣ ምንም ሳይደረግ በሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ እድሉ ከ7 እስከ 10 ፐርሰንት ይቀንሳል። እናንተ ደረቱን ስትጫኑ የልብን ስራ በእጃችሁ እየሰራችሁ ነው ማለት ነው። ሲፒአር ብቻውን ብዙ ጊዜ ልብን አያስነሳም፣ ይሄን በግልፅ ልንገራችሁ፣ ስራው አምቡላንሱ ወይ የሾክ ማሽኑ እስኪደርስ አንጎሉን ማቆየት ነው።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን፣ እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ሰው የሚያልፍብን እዚህ ጋ ነው።

ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚፈጠር ታውቃላችሁ። በአንዴ ሰው ይከባል፣ አንዱ ውሃ እርጩበት ይላል፣ አንዱ ሽንኩርት አሽትቱት፣ አንዷ ክብሪት ትጭራለች፣ ሌላው እጁን ይዞ ጣቱን ለማላቀቅ ይታገላል። ከዛ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያይና "ተረጋጉ፣ ይተነፍሳል!" ይላል፣ ሁሉም እፎይ ይላል። እሱ ያየው ግን ትንፋሽ ላይሆን ይችላል። ልቡ የቆመ ሰው ለተወሰኑ ደቂቃዎች አፉን ከፈት አድርጎ አየር የሚስብ ይመስላል፣ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል፣ እንደማንኮራፋት ወይ እንደማቃሰት ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ከዛ ረጅም ፀጥታ፣ ከዛ ደግሞ አንዴ። ማጣጣር የምንለው እሱ ነው። ያ ትንፋሽ አይደለም፣ እንደውም ቶሎ ጀምሩ የሚል ምልክት ነው።

ሌላም አለ፣ ልብ ሲቆም አንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ላይ ለአጭር ጊዜ ይንቀጠቀጣል። የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ ክብሪት ሲፈለግ ያ ውድ ደቂቃ ይሄዳል (ክብሪቱ ለሚጥል በሽታም ቢሆን አይጠቅምም፣ እሱ ሌላ ቪዲዮ ይፈልጋል)። መንቀጥቀጡ ሲቆም ደረቱን እዩ።

[ስክሪን፦ ትከሻ እየመታ የሚጣራ ሰው]

እንዴት ነው የምታዩት? ሁለቱን ትከሻ መታ መታ አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። መልስ የለም? ጋቢም ይሁን ጃኬት ግለጡና ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል ወይ ብላችሁ ቢበዛ ለ10 ሰከንድ ተመልከቱ። የልብ ትርታ ፍለጋ አንገቱን መዳበስ ይቅርባችሁ፣ ባለሙያም ይሳሳታል። አይመልስም፣ በደንብ አይተነፍስም፣ በቃ፣ ልቡ ቆሟል ብላችሁ ጀምሩ።

"አምቡላንስ ጥሩ!" ብላችሁ ለሁሉም ከጮሃችሁ ማንም አይደውልም፣ ሁሉም ሌላው የደወለ ይመስለዋል። አንድ ሰው ጠቁሙ፦ "አንተ፣ ባለቀዩ ሹራብ፣ 907 ደውል፣ ስፒከር ላይ አድርገው።" 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ የእሳትና ድንገተኛ አደጋው 939ም አለ። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ኤሚሬትስ 998፣ ሳዑዲ 997። አሜሪካ ያላችሁ ስልኩን እንዳትዘጉት፣ ያነሳችው ሴትዮ ራሷ እየቆጠረች ልታስጭናችሁ ትችላለች።

[ስክሪን፦ እጅ አቀማመጥ፣ ከቅርብ]

እሺ፣ እጅ። ሰውየው ጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው ይተኛ፣ አልጋ ወይ ሶፋ ላይ ከሆነ መሬት አውርዱት፣ ፍራሽ ላይ ስትጫኑ የሚሰምጠው ፍራሹ ነው። ጎኑ ተንበርከኩ። የአንድ እጃችሁን መዳፍ፣ ወደ አንጓችሁ ያለውን ወፍራሙን ክፍል፣ ደረቱ መሀል አጥንቱ ላይ አሳርፉ፣ ሁለተኛውን እጅ ከላይ ደርቡና ጣቶቻችሁን ቆልፉ። ክርናችሁ አይታጠፍ። ትከሻችሁ ከእጃችሁ ቀጥ ብሎ በላይ ይሁንና በክንድ ጉልበት ሳይሆን በሰውነታችሁ ክብደት ወደ ታች ተጫኑ። ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ማለት በሰከንድ ሁለት ለመሆን ትንሽ የሚቀረው። ስትለቁ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፣ የሳይክል ጎማ መንፊያ እጀታው እስከላይ ካልተሳበ አየር እንደማይዘው ልብም ደረቱ ካልተመለሰ ደም አይሞላም። እጃችሁ ግን ከደረቱ አይነሳ።

አቆጣጠር ላይ አንድ ምክር፣ በዚህ ፍጥነት "ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት" እያላችሁ ጮክ ብላችሁ ስትቆጥሩ ምላሳችሁ ይተሳሰራል፣ ከአንድ እስከ አስር ሶስት ጊዜ ቁጠሩ፣ 30 ሆነ።

እየተጫናችሁ "ቀጭ" ሊል ይችላል። የጎድን አጥንት ነው። ያስደነግጣል፣ ግን ቀጥሉ፣ የተሰበረ አጥንት ይድናል።

[ስክሪን፦ ትንፋሽ አሰጣጥ]

30 ከተጫናችሁ በኋላ የሰለጠነ ሰው 2 ትንፋሽ ይሰጣል፦ ግንባሩን ወደኋላ፣ አገጩን ወደላይ፣ አፍንጫውን ያዝ፣ አፍ በአፍ አንድ ሰከንድ የሚሆን ትንፋሽ፣ ደረቱ ከፍ ሲል እያያችሁ። ካልሰለጠናችሁ ወይ አፍ ለአፍ ካልደፈራችሁ ዝም ብላችሁ ሳታቋርጡ ተጫኑ፣ የአሜሪካ የልብ ማህበር ከፈረንጆቹ 2008 ጀምሮ ላልሰለጠነ ሰው የሚመክረው ይሄንኑ ነው። ውሃ የበላው ሰውና ህፃን ግን ይለያል፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከአየር ነው የሚጀምረው፣ እነሱ ትንፋሽ የግድ ያስፈልጋቸዋል።

ይሄ ነገር በጣም ያደክማል። በቴሌቪዥን እንደምታዩት አይደለም፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ላባችሁ ጠብ ይላል፣ ሲደክማችሁ ደግሞ ሳይታወቃችሁ ጥልቀቱ ይቀንሳል። ያ የከበበው ሰው የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፣ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ፣ ቅያሬው ላይ ግን ጊዜ እንዳይባክን። የቀሩት ጀርባቸውን ሰጥተው ይከልሉ፣ የዴንማርክ ተጫዋቾች ያደረጉት እሱን ነው።

የወደቀችው ሴት ከሆነች ሰው ደረቷን ለመንካት ያፍራል። ይሄ የኛ ብቻ አይደለም፣ አሜሪካም በተጠኑ ጥናቶች አደባባይ ላይ የወደቁ ሴቶች ከወንዶች ያነሰ ሲፒአር ያገኛሉ። ነጠላ ያላት ትከልል፣ እናንተ ተጫኑ።

ደግሞ ያ "ላዳ አምጡ፣ ባጃጅ አምጡ" የሚለው ነገር። አምቡላንስ በቶሎ የማይደርስበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን መኪናው እስኪመጣ ሰውየው ዝም ብሎ መተኛት የለበትም፣ ፈላጊው ይፈልግ፣ ተጫኙ ይጫን። ባጃጅ ኋላ ወንበር ላይ አጣጥፎ ጭኖ የሚጫን ደረት የለም።

[ስክሪን፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኤኢዲ]

ውጭ ያላችሁ ኤርፖርት፣ ጂም፣ ሞል ውስጥ ግድግዳ ላይ የልብ ምልክት ያለበት ሳጥን ታያላችሁ፣ ኤኢዲ ነው፣ የሾክ ማሽኑ። አትፍሩት፣ ስትከፍቱት ያወራል፣ ፓዱ፣ ማለት ደረቱ ላይ የሚለጠፈው፣ የት እንደሚለጠፍ ስዕሉ ላይ አለ። ደረቱ ላብ ወይ ውሃ ካለው ጥረጉ፣ ለጥፉ፣ "አትንኩት" ሲል ሁሉም ይራቅ፣ ሾክ የማያስፈልገው ከሆነ ማሽኑ ራሱ አይሰጥም። ሾኩ እንዳለቀ ወዲያው ወደ መጫን ተመለሱ፣ ነቃ አልነቃ ብላችሁ ቆማችሁ እንዳትጠብቁ።

ተመልሶ መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ አስተኙትና ዓይናችሁን ከደረቱ አትንቀሉ፣ እንደገና ሊቆም ይችላል። ፓዱም እንደተለጠፈ ይቆይ፣ ማሽኑንም አታጥፉት፣ የአምቡላንሶቹ ሰዎች ሲደርሱ መቼ እንደወደቀና ስንት ሾክ እንደተሰጠው ነግራችኋቸው እነሱ ይንቀሉት።