«ጨጓራ ነው»

የተከበራችሁ ተመራቂ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

የፍልስፍና መምህር ለሐኪም ምን ይነግራል ትሉ ይሆናል። ጥሪው ሲደርሰኝ እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት። ስለዚህ ሥራ በጀመራችሁ ሰሞን ስለሚገጥማችሁ አንድ ነገር ብቻ ላውራ። የናሙና ምርመራው (የባዮፕሲው) ውጤት እጃችሁ ላይ ነው፤ ካንሰር ነው። ወደ ታማሚዋ ስትሄዱ ቤተሰቧ ኮሪደር ላይ ያስቆማችሁና «ዶክተር፣ በፈጠረዎት፣ ለእሷ እንዳይነግሯት» ይላችኋል።

ኮሪደር ላይ ከቆሙት አንዷ እኔ ነበርኩ። ታማሚዋ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት።

«ጨጓራ ነው» አልናት። ሰባት ወር ሙሉ። የምርመራውን ወረቀት አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ሸሸግኩ፤ መድኃኒቱን ከካርቶኑ አውጥተን በሌላ ዕቃ አደረግን፤ ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ እየጠበቅን አፍ አስያዝን። አንድ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «ጨጓራ ከሆነ ታዲያ በየሳምንቱ ምን ሰበሰባችሁ?» አለችኝ። ተነሥቼ ስኒ ማጠብ ጀመርኩ።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1797 በጻፋት አጭር ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ በር አንኳኩቶ «ወዳጅህ እዚህ ነው?» ቢልህ እንኳ መዋሸት አይፈቀድልህም ይላል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ አልፈርድባቸውም። እዚያው ጽሑፍ ላይ ግን የማያስቅ ነገር አለ። ከዋሸህ፣ ከውሸትህ የሚመጣው ሁሉ፣ ያላሰብከውም ጭምር፣ ካንተ እጅ ይጠየቃል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል ለቤተሰቤ ይቀርባል። በ1863 ባሳተመው መጽሐፉ እውነት መናገርን ታላቅ ደንብ ካደረገ በኋላ፣ ደንቡ ከሚላላባቸው ቦታዎች አንዱ ብሎ የጠቀሰው በጠና ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አለመንገርን ነው። ጠበቃ አገኘን ብዬ ነበር። ኋላ ግን እዚያው በቅንፍ ያስገባት ሐረግ ያዘችኝ፤ መደበቁ ሰውን ከጉዳት ለማዳን ሲሆን፣ ያውም በተለይ ከራስ ሌላ የሆነን ሰው። እኔ ማንን እያዳንኩ ነበር? እሷ ስታለቅስ ማየት የማልችለው እኔ ነበርኩ።

«ለታማሚ እውነቱን መንገር የፈረንጅ ወግ ነው» የሚል ክርክር ሁሌም ይነሣል። በ1961 ቺካጎ ውስጥ ሐኪሞች ሲጠየቁ ከመቶ 90 ያህሉ ለካንሰር ታማሚ አለመንገርን እንደሚመርጡ መልሰዋል። በ1979 ተመሳሳይ መጠይቅ ለአሜሪካ ሐኪሞች ሲቀርብ ከመቶ 97ቱ መንገርን መረጡ። በመካከሉ ያለው 18 ዓመት ነው። ወግ ከተባለ፣ በአንድ ሐኪም የሥራ ዘመን ውስጥ የተገለበጠ ወግ ነው።

የእኛን መርዶ ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት። አርጂው ጎህ ሲቀድ ይሄዳል፤ ብቻውን አይሄድም፣ ሽማግሌና ደጋፊ ዘመድ ይዞ ነው። ሰዓት ይመርጣል፣ ሰው ይመርጣል፤ በመጨረሻ ግን ይናገራል። (ዓረብ አገር ላለች ልጅ የእናቷን ሞት አገሯ እስክትገባ የሚደብቁ እንዳሉ አውቃለሁ። እሱን አንድ ሌላ ቀን እንከራከርበታለን።) እኛ ያደረግነውን መርዶ ነጋሪ ቢሰማው ያፍርብናል።

ሞቷን የምታውቅ ሴት ብዙ ሥራ አለባት። ክርስቲያን ከሆነች ነፍስ አባቷን ትጠራለች፣ ንስሐ ትገባለች፣ ትቆርባለች። ሙስሊም ከሆነች ዕዳዋን ትከፍላለች፣ ጎረቤቶቿን «አፉ በሉኝ» ትላለች። የተኳረፈቻት እህት ካለች ሰው ትልክባታለች። ጨጓራ ያመማት ሴት ይህን ሁሉ ምን ብላ ትጀምረዋለች?

ከእናንተ የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ናሙናው ሳይወሰድ በፊት፣ ማንም ሳይደነግጥ፣ ታማሚዋን ጠይቋት። «እናቴ፣ ውጤቱ ሲመጣ ለማን ልንገር? ለእርስዎ? ከልጅዎ ጋር ሆነው? ወይስ ለልጅዎ ብቻ?» «ለልጄ ንገረው፣ እኔ አልሰማም» ካለች ወስናለች፤ እውነትን በግድ ማጉረስም ግፍ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶች ደግሞ ሐኪም ፊት ለእናታችሁ አስተርጓሚ አትሁኑ። ሐኪሙ «ካንሰር» ሲል «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ የተረጎመ ልጅ አውቃለሁ፤ ቦታው ላይ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

ኮሪደር ላይ የሚያስቆማችሁንም አትቆጡት። ወንበር ስጡት።

የአክስቴ አርባ ከወጣ በኋላ ሳጥኗን ከፈትን። በመሐረብ የተቋጠረ የተዝካር ገንዘብ ነበር፣ ከሥሩም ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት፤ የማን ብር እንዳለባት፣ ጥበቡ ለማን፣ ጀበናው ለማን እንደሚሰጥ ይዘረዝራል። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ጽሕፈቱን አወቅነው፤ አራተኛ ክፍል የሚማረው የጎረቤት ልጅ ነው። ጠርቼ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከንም አልኩት።

«‹ለነሱ እንዳትነግራቸው፣ ይደነግጣሉ› ብላኝ ነው» አለኝ።

አመሰግናለሁ።