ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ እብጠትና የቤት ውስጥ እንክብካቤው

አቅራቢው፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ዛሬም ከሐዋሳ፣ አብራኝ ከምታዘጋጀው የሥራ ባልደረባዬ ጋር ነኝ። ሲስተር፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አካል ሲያብጥ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሲስተር፦ ሰውነት ቁስሉን ለማዳን ወደ ስፍራው ብዙ ደም ስለሚልክና ጥቃቅን የደም ሥሮችም ፈሳሽ ስለሚያሳልፉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን በርትቶ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራን በመሰለ ትልቅ ሕክምና ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል።

አቅራቢው፦ በእኛ ዘንድ ደግሞ ጠያቂ ስለሚበዛ፣ ታማሚው ለአክብሮት ሲል እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ይውላል።

ሲስተር፦ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። እግሩን የታከመ ሰው ጋደም ብሎ፣ እግሩን በትራስ ከልቡ በላይ ከፍ አድርጎ እንግዳ ቢቀበል ማንም አይቀየመውም። ሐኪሙ ካልከለከለ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግሞ ማንቀሳቀስ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ልብ እንዲገፋ ያግዛል። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዛል እንጂ በቀጥታ ቆዳ ላይ አያርፍም። እብጠት ለመቀነስ እግርን አጥብቆ የሚይዘውን ጠባብ ካልሲ ሐኪም ላዘዘለት ብቻ ነው የምመክረው።

አቅራቢው፦ ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት፣ ቅቤ መቀባትስ?

ሲስተር፦ ባልዳነ ቁስል ላይ ቅቤ መቀባት ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ በኃይል ማሸትም ጉዳቱን ያባብሳል። ሊምፍ የተባለውን፣ ካበጠው ስፍራ ተሰብስቦ ወደ ደም የሚመለሰውን ትርፍ ፈሳሽ የሚገፋ እንደ ልብ ያለ አካል የለም፤ ቀጫጭን ቱቦዎቹም ከቆዳ ሥር ስላሉ ለስላሳ እጅ ይበቃቸዋል። ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያስተዋወቀው የማሸት ዘዴም ቆዳውን ብቻ በእርጋታ ወደ ብብት ወይም ወደ ብሽሽት የሚስብ ነው። ይህም ቢሆን ቀዶ ሐኪሙ ፈቅዶ፣ ከባለሙያ ተምሮ፣ ከቁስሉ ርቆ የሚደረግ ነው።

አቅራቢው፦ ጨርሶ መነካት የሌለበት እብጠት አለ?

ሲስተር፦ አለ እንጂ። የአንድ እግር ባት ብቻ አብጦ ከታመመና ከሞቀ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል አይታሽም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

አቅራቢው፦ ሌሊት ቢሆንስ፣ እስኪነጋ ይጠበቃል?

ሲስተር፦ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።