ትንሽ ጽንስና የቀጨጨ ጽንስ

የተከበራችሁ አዋላጆችና ሐኪሞች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን የሚያሳየን የአልትራሳውንድ ዘዴ፣ የጽንሱን ክብደት አይለካም። ክብደቱን የምንገምተው በተለመደው አልትራሳውንድ፣ በጭንቅላት ልኬት፣ በሆድ ዙሪያና በጭን አጥንት ርዝመት ነው። ዶፕለር የሚረዳን ጽንሱ በተፈጥሮው ያነሰ ነው ወይስ እንግዴ ልጁ በወጉ አልመገበውም የሚለውን ለመለየት ነው።

አስቀድሞ ግን የእርግዝናው ዕድሜ ይጣራ። እናት የመጨረሻ የወር አበባዋን ሰኔ 1 ትለናለች፤ ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው። ሰኔ 1 ጁን 8 ነው። ጁን 1 ብሎ ያስገባ ሰው እርግዝናውን በአንድ ሳምንት አስረጅቶ ጤነኛውን ጽንስ ቀጭጯል ሊል ይችላል።

አሁን ወደ እትብቱ። ጽንሱ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ደረቱ እየተነፈሰ ሲንቀሳቀስ የተወሰደ ልኬት አይታመንም። በእንሽርት ውኃው ውስጥ ልቅ ሆኖ የሚንሳፈፈውን ክፍል ምረጡ፤ ወደ ጽንሱ ሆድ ሲጠጉ ፒአይ፣ ማለትም ደሙ የሚገጥመውን ተቃውሞ የሚያመለክተው ቁጥር፣ ከፍ፣ ወደ እንግዴ ልጁ ሲጠጉ ዝቅ ይላል። የደም ቅዳው ሞገድ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ልብ በምታርፍበት ጊዜ፣ ማለትም በጥርሶቹ መካከል፣ ፍሰቱ በስክሪኑ ላይ ካለው የዜሮ መስመር በላይ መቆየት አለበት። መስመሩን ከነካ ፍሰቱ ቆሟል፤ ከመስመሩ በታች ከወረደ ደሙ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው፤ ይሄኛው ይብሳል።

ታዲያ «ቆሟል» ከማለታችሁ በፊት ዎል ፊልተሩን፣ ማለትም ዝግ ያሉ እንቅስቃሴዎችን የሚያጣራውን የማሽኑን ማስተካከያ፣ ተመልከቱ። ከፍ ብሎ ከተተወ ማሽኑ ቀርፋፋውን ፍሰት እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይሰርዘዋል፤ በሞገዱና በመስመሩ መካከል ጥቁር ክፍተት ይታያችኋል። ወደ 60 ሄርዝ ወይም ከዚያ በታች አውርዱት፣ በድምፅ ሞገዱና በደሙ ፍሰት መካከል ያለውን ማዕዘን ወደ ዜሮ አቅርቡ፣ ሌላ ቦታ ላይ ድገሙ። እናቲቱን ለአላስፈላጊ ድንጋጤ ከሚዳርጉ ስህተቶች ይህን የሚያህል ያለ አይመስለኝም።

ከ32 ሳምንት በኋላ እትብቱ ደህና መስሎ ችግሩ በአንጎል ደም ቅዳ ላይ ብቻ ሊታይ ይችላል፤ ጽንሱ ያለውን ደም ወደ አንጎሉ ሲያዞር የዚያ ቧንቧ ፒአይ ይቀንሳል። ፕሮቡን ጭንቅላቱ ላይ ከተጫናችሁት ግን ቁጥሩ ተመልሶ ይጨምርና ምልክቱን ይሸፍነዋል። እጃችሁን ቀለል አድርጉ።

ፍሰቱ በእርግጥ ከቆመ እናቲቱ በዚያው ቀን ትተኛ ወይም ሪፈር ትባል። ከ34 ሳምንት በታች ሆና በቅርቡ ትወልዳለች ከተባለ ለጽንሱ ሳንባ ዴክሳሜታዞን 6 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ 4 ጊዜ በጡንቻ ይሰጣል። ሪፈር ወረቀቱ ላይ «ዶፕለሩ ልክ አይደለም» ብቻ ብሎ መላክ ለተቀባዩ ሐኪም ምንም አይነግረውም። የፒአይ ቁጥሩን፣ ዕድሜው በምን እንደተሰላና የተለካበትን ሰዓት ጻፉ፤ የሞገዱንም ምስል አያይዙ።

አመሰግናለሁ።