ጄ አር ስሚዝ እና ኒክስ፦ የ2013ቱ ፊርማ ልክ ነበር?

ናትናኤል፦ ሰላም ለሁላችሁም። በየክረምቱ በኤንቢኤ፣ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የሚነሳ አንድ ጭቅጭቅ አለ። ከቤንች፣ ማለትም ከተጠባባቂ ወንበር፣ ተነስቶ አንድ ቀን 30 ነጥብ የሚያስቆጥር፣ በሚቀጥለው ቀን ግን የወረወረው ሁሉ የሚስትበት ተጫዋች ኮንትራቱ ሲያልቅ ይታደስለት ወይስ ይሸኝ? በደፈናው ከምናወራ ጄ አር ስሚዝን እንያዝ። ኒው ዮርክ ኒክስ፣ ክረምት 2013። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቤዛ፦ ጥሩ መነሻ ነው፤ ያኔ "አይታደስለት" ማለት ቀላል አልነበረምና። በ2012-13 80 ጨዋታ ተጫወተ፤ ሰማንያውንም ከቤንች ተነስቶ ነው። በአማካይ 18.1 ነጥብና 5.3 ሪባውንድ ይዞ የዓመቱ ምርጥ ስድስተኛ ተጫዋች፣ ማለትም ከቤንች ከሚገቡት ምርጡ፣ ተባለ። ቡድኑም 54 ጨዋታ አሸንፎ ከ1994 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የዲቪዥኑ አንደኛ ሆነ።

ናትናኤል፦ ከዚያ ፕሌይኦፉ፣ ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ መጣ። ከቦስተን ጋር በነበረው ሦስተኛ ጨዋታ፣ ኒክስ በሰፊ ልዩነት እየመራ ሳለ፣ የቦስተኑን ጄሰን ቴሪን በክርኑ መታ፤ አራተኛውን ጨዋታ ታገደ። ከእገዳው ሲመለስ ሌላ ሰው ነበር። የዚያ ፕሌይኦፍ ድምሩ በአማካይ 14.3 ነጥብ፣ ከሜዳ ከወረወረው የገባለትም 33.1 በመቶ ብቻ ነው። ኢንዲያናም በስድስት ጨዋታ አሰናበታቸው።

ቤዛ፦ እዚህ ላይ ሰዉ በጅምላ "ወጥነት የለውም" ይልና ያልፋል። እኔ ግን ይሄ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እየጨፈለቀብን ነው እላለሁ፤ ለሦስቱም የሚከፈለው ዋጋ ይለያያል። መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። በዚያ ዓመት ከሦስት ነጥብ መስመር ያስቆጠረው 35.6 በመቶ ነው። በአንድ ጨዋታ አምስት ትሪ ወረወረ እንበል። ምንም ችግር የሌለበት፣ እጁ በየቀኑ ያው የሆነ ተጫዋች እንኳን በዚህ ፐርሰንት ከዘጠኝ ጨዋታ በአንዱ አምስቱንም ይስታል። ከአራት ጨዋታ በአንዱ ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ ያስገባል። ይሄ ጠባይ አይደለም፣ ዕድል ነው። ጠቅላላ ሥራ አስኪያጁ በዚህ ተናዶ ተጫዋች ከሸኘ የሚያመጣው ተተኪም ያንኑ ያሳየዋል።

ናትናኤል፦ እሺ፣ የመጀመሪያውን ተቀብያለሁ። ግን የስሚዝ ችግር ዕድል ብቻ አልነበረም። የሾት ክሎኩ፣ ለአንድ ማጥቃት የሚሰጠው ጊዜ፣ ላይ 14 ሰከንድ እየቀረው፣ ተከላካይ ፊቱ ላይ ቆሞ፣ ወደ ኋላ ተስቦ የሚወረውረው ረጅም ሁለት ነጥብ አለ። እሱ ሲገባ ያምራል፤ ግን በማንኛውም ቡድን ዝርዝር ላይ ከመጨረሻዎቹ የሚመደብ ውርወራ ነው።

ቤዛ፦ ሁለተኛው እሱ ነው፣ የውርወራ ምርጫ። ይሄ የሚታረም ነው፤ ታርሞም አይተነዋል። ማርች 2013 መጨረሻ ላይ ቪዲዮውን ቁጭ ብላችሁ እዩት። ኳስ ሲቀበል የመጀመሪያው ድሪብል ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ተመልከቱ። ከዚያ በፊት ወደ ጎን ነበር፣ ለጃምፕ ሹት ቦታ ለማግኘት። በዚያን ሰሞን ግን ቀጥታ ወደ ሪንጉ ነው። ፋውል ያገኛል፣ ፍሪ ስሮው (ነጻ ውርወራ) ይወረውራል፣ ተከላካይ ሲሰበሰብበት ጥግ ላይ ለቆመው ሰው ያወጣል። በቦስተን ላይ 32፣ በሜምፊስ ላይ 35፣ በሻርሎት ላይ 37፣ ሦስት ተከታታይ ጨዋታ። ኒክስም ያኔ 13 ጨዋታ በተከታታይ እያሸነፈ ነበር።

ናትናኤል፦ ስለዚህ ስካውት ብሆን ከነጥቡ በፊት የፍሪ ስሮው ብዛቱን ነው የማየው። ነጥብ ይዋሻል። በ20 ውርወራ የመጣ 20 ነጥብና በ12 ውርወራና በ8 ፍሪ ስሮው የመጣ 20 ነጥብ ጋዜጣ ላይ አንድ ናቸው፣ ሜዳ ላይ ግን አይገናኙም።

ቤዛ፦ በትክክል። ከዚያ ቀጥሎ የሚጠየቀው "እንዲህ እንዲጫወት ያደረገው ማነው? በሚቀጥለው ዓመትስ አብሮት ይኖራል ወይ?" ነው። ይሄን ብዙ ቡድን ይዘለዋል። አሰልጣኙ ማይክ ዉድሰን ቆየ። ካርሜሎ አንቶኒ፣ በዚያ ዓመት በ28.7 የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ የነበረው፣ ቆየ። ጄሰን ኪድ ግን በጁን 2013 ጫማ ሰቀለ። ኳሱን ከእጅ እጅ በፍጥነት የሚያዞረው እሱ ነበር። ኳስ ሲዞር ስሚዝ የሚያገኘው ሚዛኑን በሳተ ተከላካይ ላይ ነው፤ ሳይዞር ሲቀር በቆመ ተከላካይ ላይ ነው፤ ያኔ ነው ወደ ኋላ ተስቦ የሚወረውረው። ኒክስ ያስፈረመው የ2013ን ስሚዝ መስሎት ነበር፤ ያንን ስሚዝ ከሠሩት አንዱ ግን ሄዷል።

ናትናኤል፦ ገንዘቡ ላይ ልምጣ፤ እኔ "ይታደስለት" የምለው በዋናነት በገንዘቡ ምክንያት ነው። በ2013-14 የደመወዝ ጣሪያው፣ ሊጉ ለክለቦች የደመወዝ ድምር ያስቀመጠው ገደብ፣ 58.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ የቅንጦት ታክስ መስመሩ፣ ያለፈው ክለብ ለሊጉ ተጨማሪ የሚከፍልበት፣ ደግሞ 71.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ኒክስ ሁለቱንም አልፏል። ስለዚህ ስሚዝን ብትሸኚው የእሱ ደመወዝ ለሌላ ተጫዋች የሚሆን ክፍት ቦታ አይፈጥርም። እጅሽ ላይ የሚቀረው ያኔ ታክስ ከፋይ ቡድኖች ይፈቀድላቸው የነበረው ትንሹ ኤክሴፕሽን ነው፤ ከጣሪያው በላይ ሆኖ ለማስፈረም የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ፣ 3.2 ሚሊዮን አካባቢ። በዚያ ዋጋ 18 ነጥብ የሚያስቆጥር ሰው አይገኝም።

ቤዛ፦ ይሄን አድማጮቻችን ደጋግመው ቢሰሙት ጥሩ ነው። "በእሱ ገንዘብ ሌላ ይግዙ" የሚለው ክርክር የሚሠራው ከጣሪያው በታች ላለ ቡድን ብቻ ነው።

ናትናኤል፦ ስሚዝን ለማቆየት የተጠቀሙበት መብት ኧርሊ በርድ ይባላል። ተጫዋቹ ክለብ ሳይቀይር ሁለት ሲዝን ከቆየ፣ ክለቡ ከጣሪያው በላይ ሆኖም ቢሆን ያለፈውን ደመወዝ 175 በመቶ ወይም የሊጉን አማካይ ደመወዝ ገደማ፣ ከሁለቱ የበለጠውን፣ መክፈል ይችላል። ስሚዝ በ2012-13 የተከፈለው 2.8 ሚሊዮን ስለነበር አማካዩ በለጠ። አዲሱ ኮንትራት በ5.565 ሚሊዮን ጀምሮ በየዓመቱ በ417 ሺህ ገደማ እያደገ፣ በሦስት ዓመት 17.9 ሚሊዮን ያህል ሆነ። የመጨረሻው ዓመት፣ 6.4 ሚሊዮኑ፣ ፕሌየር ኦፕሽን ነው፤ መቆየት ወይም መውጣት የተጫዋቹ ውሳኔ ነው ማለት ነው።

ቤዛ፦ ታክሱን አትርሳ። ከ2013-14 ጀምሮ በደረጃ ይሰላ ጀመር፤ ያኔ ከመስመሩ በላይ ያለው የመጀመሪያው 5 ሚሊዮን ለእያንዳንዱ ዶላር 1.50 ያስከፍል ነበር፣ ቀጣዩ 5 ሚሊዮን 1.75፣ ከዚያ 2.50፣ ከዚያ 3.25። የ5.5 ሚሊዮን ተጫዋች የክለቡን ባለቤት የሚያስወጣው 5.5 ብቻ አይደለም። ያም ሆኖ ደመወዙ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ለስድስተኛ ተጫዋች ርካሽ ነው። ቅሬታዬ ኦፕሽኑ ላይ ነው። ሦስተኛው ዓይነት የወጥነት ችግር፣ የአካልና የዲሲፕሊኑ፣ የሚመጣው እዚህ ጋ ነውና። ሁለተኛውን አሰልጣኝ ያርመዋል። ሦስተኛውን አሰልጣኝ አይችለውም፤ የሚቆጣጠረው ኮንትራቱ ነው።

ናትናኤል፦ የዚያን ክረምት ጉድ ታስታውሻለሽ መቼስ።

ቤዛ፦ ፊርማው ከተጠናቀቀ በኋላ በቀናት ልዩነት ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አደረገ። የፓቴላ ጅማትና ሜኒስከስ ነው፤ ሦስትና አራት ወር ከሜዳ የሚያርቅ። ሴፕቴምበር ላይ የሊጉን የአደንዛዥ ዕፅ ደንብ በመጣስ አምስት ጨዋታ ታገደ። ጃንዋሪ 2014 ላይ የተጋጣሚን የጫማ ማሰሪያ በመፍታቱ 50 ሺህ ዶላር ተቀጣ፤ ዉድሰንም በዚያው ሰሞን ከማያሚ ጋር በነበረው ጨዋታ አንድ ደቂቃ ሳያጫውተው አስቀመጠው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ፕሌይኦፍ ላይ ከወረወረው 33 በመቶ ብቻ የገባለትን ሰው ጉልበት በኤምአርአይ አይቶ፣ "ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ወይ?" የሚለው ከተመለሰ በኋላ ነው ስለ ሦስተኛ ዓመት የሚወራው።

ናትናኤል፦ ለእሱ ልከራከርለት። በዚያው 2013-14 14.5 ነጥብ አምጥቷል፤ የትሪ ፐርሰንቱም አድጎ 39.4 ደርሷል። ኤፕሪል ላይ በማያሚ ሜዳ 22 ትሪ ወርውሮ 10 አስገብቷል፤ 22 ሙከራ በጊዜው የሊጉ ሪከርድ ነበር።

ቤዛ፦ ያንን ጨዋታ ኒክስ ተሸነፈ፤ ዓመቱንም 37 ለ45 ጨረሰ። ፐርሰንቱ ያደገው ኮርነርና መስመሩ ላይ ቆሞ ስለወረወረ ነው ብንል እንኳን ወደ ሪንጉ የሚሄደው ስሚዝ ግን ጠፍቷል። ከቤንች የምትፈልገው ደግሞ እሱን ነበር፤ ካርሜሎ ሲያርፍ ተከላካዩን የሚያፈርስ ሰው።

ናትናኤል፦ ጃንዋሪ 2015 ላይ ሊሸጡት ሲፈልጉስ? ለክሊቭላንድ ከኢማን ሻምፐርት ጋር ተደርቦ ነው የሄደው። ኒክስ ያገኘው ላንስ ቶማስን፣ ሉ አመንድሰንን፣ አሌክስ ከርክንና የ2019 የሁለተኛ ዙር ድራፍት ምርጫ፣ አዲስ ተጫዋች የመምረጥ መብት፣ ነው። ክሊቭላንድ በዋናነት የፈለገው ሻምፐርትን እንደነበር በሰፊው ተነግሯል።

ቤዛ፦ ኦፕሽኑ ሲዝን መሃል ዝውውር ላይ የሚያደርገው ይሄን ነው። ገዢው "በክረምት ጥሩ ከሆነ ይሄድብኛል፣ መጥፎ ከሆነ 6.4 ሚሊዮን ይዞ ይቀመጥብኛል" ብሎ ነው የሚያሰላው። ስለዚህ በስሚዝ ምትክ ከማግኘት ይልቅ ስሚዝን እንዲወስዱላቸው ሌላ ጥሩ ተጫዋች ጨመሩ።

ናትናኤል፦ ግን ክሊቭላንድ ሲደርስ ኦፕሽኑን አልተጠቀመበትም። በ2015 6.4ቱን ትቶ ወጣ፤ ገበያው ቀዝቅዞ ቆየውና በ5 ሚሊዮን ተመለሰ። በ2015-16 40 በመቶ ትሪ አስገብቶ ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ ሻምፒዮን ሆነ። ሌብሮን ኳሱን ይዞ ሲስበው ስሚዝ መስመር ላይ ቆሞ ብቻ ይጠብቃል፤ ያ የጎን ድሪብል ከሥራው ወጣ። ሁለተኛው ችግር በቡድን አሠራር ይታረማል ያልሽው እዚያ ታይቷል።

ቤዛ፦ ከዚያ ኦክቶበር 2016 ላይ 4 ዓመት፣ 57 ሚሊዮን። ወዲያው ዲሴምበር ላይ አውራ ጣቱ ተሰብሮ በዚያ ዓመት 41 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ነገር ግን ኮንትራቱ ውስጥ ኒክስ ያላስገባው ነገር አለ። የአራተኛው ዓመት 15.68 ሚሊዮን ሙሉ ዋስትና አልነበረውም፤ የተረጋገጠው 3.87 ሚሊዮን ብቻ ነው። በ2019 ክረምት ሲያሰናብቱት 11.8 ሚሊዮን ገደማ ከትከሻቸው ወረደ።

ናትናኤል፦ ያንን ወደ 2013 አምጪው። በኒክስ ቦታ ብትሆኚ ምን ትጽፊያለሽ?

ቤዛ፦ ኧርሊ በርድ ኦፕሽኑ ሳይቆጠር ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጠይቃል፤ ከዚያ ማነስ አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋስትና፣ ያው 5.565 እና 5.98። ሦስተኛው ዓመት ከፊል ዋስትና፣ 1 ሚሊዮን ተረጋግጦ ቀሪው ጁን 30 ላይ የሚወሰን። ፊርማው ከሕክምና ምርመራው በኋላ።

ናትናኤል፦ ወኪሉ እምቢ ቢልስ? ከታክስ መስመር በታች ያለ ማንኛውም ቡድን በሚድ ሌቭል ኤክሴፕሽን፣ ታክስ የማይከፍሉ ቡድኖች በሚፈቀድላቸው ትልቁ ኤክሴፕሽን፣ 5.15 ሚሊዮን ሊያቀርብለት ይችል ነበር። ልዩነቱ 400 ሺህ ብቻ ነው። ኦፕሽኑን የሰጡት ለዚህ ነው ባይ ነኝ።

ቤዛ፦ እምቢ ካለ ሦስተኛውን ዓመት ሙሉ ዋስትና እሰጠዋለሁ፣ ኦፕሽን ግን አልሰጠውም። ለክለቡ ከሙሉ ዋስትና የባሰ ነገር ፕሌየር ኦፕሽን ነው። ጥሩ ዓመት ካሳለፈ ያጡታል፣ መጥፎ ካሳለፈ ይከፍሉታል። በሙሉ ዋስትና ግን ቢያንስ ጥሩ የሆነ ጊዜ 6.4 ሚሊዮን የሚያወጣ ርካሽ ተጫዋች በእጃቸው አለ፤ ይጠቀሙበታል ወይ ይሸጡታል።

ናትናኤል፦ ከዚያም እምቢ ካለ?

ቤዛ፦ ያኔ ይሂድ።